የሰዓትና የታይመር ኮድ ጥገና በኪዩኢሙ

ኪዩኢሙ አንድን ሙሉ ኮምፒውተር በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አስመስሎ የሚያሠራ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። ኪዩኢሙን ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ሲሆን፣ በአብዛኛው በሲ ቋንቋ የተጻፈና በጂፒኤል ፈቃድ ሁለተኛ እትም የሚሰራጭ ነው። በሶፍትዌር የሚመሰለው ማሽን «እንግዳ»፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት እውነተኛ ኮምፒውተር ደግሞ «አስተናጋጅ» ይባላል።

ከኪዩኢሙ ክፍሎች አንዱ ለእንግዳው ማሽን ጊዜን የሚያቀርበው የሰዓትና የታይመር ኮድ ነው። ይህ ኮድ በመጠኑ ትንሽ ቢሆንም ፕሮሰሰሩ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ዲስኩና የስክሪን ማሳያው ሁሉ ይደገፉበታል። ስህተት ሲገባበት የእንግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በላዩ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይቆማሉ፣ አንዳንዴም የአስተናጋጁ ደህንነት ለአደጋ ይጋለጣል። የጥገናው ሥራ በመሠረቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ያጠነጥናል፤ እሱም «ይህ መሣሪያ የሚቆጥረው የማንን ጊዜ ነው?» የሚለው ነው።

የችግሩ መነሻ

በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ጊዜ የሚለካው በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ነው። ክሪስታሉ በሰከንድ የታወቀ ብዛት ያህል ይርገበገባል፤ የሰዓት ቺፖች ይህን ምት ይቆጥራሉ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ቢበዛበትም ባይበዛበትም ክሪስታሉ አይጠብቀውም።

በኢሙሌተር ውስጥ ግን ክሪስታል የለም። ኪዩኢሙ በአስተናጋጁ ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ተራ እየጠበቀ ይሠራል። የአስተናጋጁ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተራውን ለ20 ሚሊሰከንድ ለሌላ ፕሮግራም ቢሰጥ፣ እንግዳው ያ ጊዜ ማለፉን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም በላይ ተጠቃሚው እንግዳውን ለጊዜው ሊያቆመው፣ ያለበትን ሁኔታ ፋይል ላይ አስቀምጦ ከሳምንት በኋላ ሊያስቀጥለው፣ ወይም እየሠራ ሳለ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ሊያዛውረው ይችላል። በነዚህ አጋጣሚዎች «ስንት ሰዓት ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ይኖራል። ለውጩ ዓለም ሳምንት አልፏል፤ ለእንግዳው ግን አንድ ሰከንድ እንኳ አላለፈም። ስለዚህ ጊዜ በኢሙሌተር ውስጥ ከውጭ ተነብቦ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ኮዱ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው።

አራቱ ሰዓቶች

ኪዩኢሙ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ አንድ ሳይሆን አራት ሰዓቶችን መያዝ ነው። ሁሉም በናኖሰከንድ ይቆጥራሉ፤ አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

• ሪልታይም ሰዓት፦ ሳያቋርጥ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ እንግዳው ቢቆምም አይቆምም። የእንግዳውን ሁኔታ ለማይለውጡ ሥራዎች ብቻ ይውላል። ለምሳሌ የስክሪን መስኮቱ እንግዳው ቆሞ ሳለም መታደስ ስላለበት በዚህ ሰዓት ይመራል።

• ቨርቹዋል ሰዓት፦ የሚሄደው እንግዳው ሲሠራ ብቻ ነው። እንግዳው ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ሲቀጥል ከቆመበት ይቀጥላል። አብዛኞቹ የሚመሰሉ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ይህን ነው።

• የአስተናጋጁ ሰዓት፦ የአስተናጋጁን የቀን አቆጣጠር ይከተላል። የአስተናጋጁ ሰዓት በእጅ ወይም በኢንተርኔት ሲስተካከል ይህም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊዘል ይችላል። ቀንና ሰዓት ማሳየት ለሚኖርበት መሣሪያ እንጂ ርዝመት ለመለካት አይሆንም።

• ቨርቹዋል አርቲ ሰዓት፦ በተለመደው አሠራር ከቨርቹዋል ሰዓት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከዚህ በታች በሚብራራው የትእዛዝ ቆጠራ ስልት ብቻ ነው፤ ያኔ የእንግዳው ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ሲተኛ ቨርቹዋል ሰዓትን ወደ ፊት ለማራመድ ያገለግላል።

በአዲስ መሣሪያ ኮድ ላይ ገምጋሚዎች ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ የሰዓት ምርጫው ነው። አንድ የኔትወርክ ካርድ በቨርቹዋል ፋንታ በሪልታይም ሰዓት ቢጻፍ በተራ ሙከራ ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል፤ ሁለቱ ሰዓቶች እንግዳው እስካልቆመ ድረስ በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉና። ስህተቱ የሚገለጠው አንድ ሰው እንግዳውን አቁሞ ሲያስቀጥል ነው። ያኔ እንግዳው ቆሞ በነበረበት ጊዜ የታይመሩ ቀጠሮ ስለሚያልፍ መሣሪያው ያልሠራ ማሽን ሁኔታ ይለውጣል።

ታይመር እንዴት ይሠራል

ታይመር ማለት «በዚህ ሰዓት ይህን ተግባር ጥራ» የሚል ቀጠሮ ነው። ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የሚከተለውን ሰዓት፣ ቀጠሮው የሚደርስበትን ናኖሰከንድ፣ እና ሲደርስ የሚጠራውን ተግባር። ቀጠሮዎቹ ቀዳሚው ከፊት ሆኖ በቅደም ተከተል በዝርዝር ይያዛሉ። ስለዚህ ኪዩኢሙ የሚቀጥለውን ሥራ ለማወቅ የዝርዝሩን የመጀመሪያ አባል ማየት ብቻ ይበቃዋል።

የፕሮግራሙ ዋና ዑደት ይህን የቅርብ ቀጠሮ አይቶ እስከዚያ ድረስ ይተኛል። በመካከሉ የኔትወርክ መረጃ ወይም የተጠቃሚ ትእዛዝ ከመጣ ቀድሞ ይነቃል። ሲነቃ ጊዜያቸው የደረሱትን ታይመሮች አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አውጥቶ ተግባራቸውን ይጠራል።

ቀደም ባሉት እትሞች ይህ አሠራር የተለየ ነበር። ኪዩኢሙ አስተናጋጁን የማንቂያ ሲግናል እንዲልክለት ይጠይቅ ነበር፤ ሲግናሉ ፕሮግራሙን በማንኛውም ቅጽበት ያቋርጠው ስለነበር ኮዱን ለመረዳትም ለመፈተሽም ያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ክፍል ተወግዶ አሁን ያለው «እስከ ቀጠሮው ተኛ» የሚለው ስልት ተተካ። በዚያው ለውጥ ከዋናው ዑደት ውጪ ያሉ የግብዓትና ውጤት ዑደቶችም የራሳቸው የታይመር ዝርዝር እንዲኖራቸው ተደረገ።

መተኛትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሊኑክስ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል የተራ ፕሮግራሞችን መንቂያ በነባሪ እስከ 50 ማይክሮሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ኪዩኢሙ ሲነሳ ይህ ፈቃድ ወደ 1 ናኖሰከንድ እንዲወርድለት ይጠይቃል። በናኖሰከንድ መተኛት በማይቻልባቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ደግሞ ጊዜው ወደ ሚሊሰከንድ ይጠጋጋል፤ የሚጠጋጋውም ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ቢጠጋጋ 0.4 ሚሊሰከንድ የቀረው ቀጠሮ 0 ይሆንና ፕሮግራሙ ሳይተኛ እየተሽከረከረ ፕሮሰሰሩን ይጨርሳል።

የሚመሰሉ የሰዓት ቺፖች

እንግዳው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከላይ ያሉትን አራት ሰዓቶች አያያቸውም። እሱ የሚያውቀው እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚገኙትን ቺፖች ነው። በፒሲ ማሽን ላይ ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• 8254፦ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚቆጥር ባለ ሦስት ቻናል ቺፕ ነው። ቆጣሪው ባለ 16 ቢት በመሆኑ ትልቁ ዙር 65,536 ምት ነው፤ ይህም በሰከንድ 18.2 ጊዜ ያህል ኢንተራፕት ይሰጣል። ኢንተራፕት ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ለአፍታ ትቶ መሣሪያውን እንዲያስተናግድ የሚጠራ ምልክት ነው።

• ኤምሲ146818፦ ቀንና ሰዓትን የሚይዘው ቺፕ ሲሆን በተለምዶ አርቲሲ ይባላል። ንዝረቱ በሰከንድ 32,768 ነው። ዓመቱን በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ ፒሲዎች ክፍለ ዘመኑን በሌላ የማስታወሻ ቦታ ያስቀምጣሉ፤ ኪዩኢሙም ይህንን አብሮ ይመስላል።

• የኤሲፒአይ ታይመር፦ በሰከንድ 3,579,545 ጊዜ ያህል የሚቆጥር ቀላል ቆጣሪ ነው።

• ኤችፔት፦ ከቀደሙት የተሻለ ጥራት ያለው ቺፕ ነው። ኪዩኢሙ በየ10 ናኖሰከንዱ አንድ እንዲቆጥር አድርጎ ይመስለዋል።

ከፒሲ ውጪ ያሉት የአርም፣ የሚፕስ፣ የፓወርፒሲና የሌሎች ቤተሰቦች ማሽኖችም የየራሳቸው ታይመሮች አሏቸው። ብዙዎቹ ከተነሱበት ቁጥር ወደ ዜሮ የሚወርዱ ቆጣሪዎች በመሆናቸው፣ ኪዩኢሙ ለነሱ «ፒታይመር» የሚባል የጋራ ኮድ አለው።

መቁጠር ሳይሆን ማስላት

እውነተኛው 8254 በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ አንድ እየቀነሰ ይወርዳል። ኢሙሌተር ይህን ቃል በቃል ቢያደርግ አስተናጋጁ ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ኪዩኢሙ አይቆጥርም። ቆጣሪው የተነሳበትን ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ እንግዳው ቆጣሪውን ሲያነብ ደግሞ ስንት ላይ መሆን እንደነበረበት ያሰላል።

ለምሳሌ እንግዳው በሰከንድ 100 ያህል ኢንተራፕት ፈልጎ ቆጣሪውን ከ11,932 አስነሳው እንበል። ከ5 ሚሊሰከንድ በኋላ ሲያነበው ያለፈው ጊዜ 5,000,000 ናኖሰከንድ ነው። ይህ በ1,193,182 ተባዝቶ ለ1,000,000,000 ሲካፈል 5,965 ሙሉ ምት ይሆናል። ለእንግዳው የሚሰጠው መልስም 11,932 ሲቀነስ 5,965፣ ማለትም 5,967 ነው። በመካከሉ አንድም ምት አልተቆጠረም፤ እንግዳው ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ይኸው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2012 አርቲሲው እንደገና ሲጻፍም ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት የአርቲሲው ኮድ ሰከንዱን ለመጨመር ሲል በየሰከንዱ ይነቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቱ የሚሰላው እንግዳው ሲያነበው ነው፤ ታይመር የሚቀጠረውም እንግዳው ኢንተራፕት ወይም ማንቂያ ከጠየቀ ብቻ ነው። ብዙ ሥራ ፈት እንግዶችን በያዘ አስተናጋጅ ላይ አላስፈላጊው መንቃት ሲቀር የፕሮሰሰር ጊዜና ኤሌክትሪክ ይተርፋል።

የስሌት ወጥመዶች

ማስላት ከመቁጠር ቢሻልም የራሱን ስህተቶች ያመጣል። ሦስቱ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ናቸው።

የመጀመሪያው የቁጥር መትረፍረፍ ነው። ባለ 64 ቢት ቁጥር ናኖሰከንድን ለብቻው ለመቶዎች ዓመታት መያዝ ይችላል። ነገር ግን ከላይ እንደታየው በ1,193,182 ሲባዛ ውጤቱ ከ64 ቢት የሚያልፈው ከ4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ምልክት ያለው ቁጥር ከሆነ ደግሞ በግማሹ ጊዜ ይተርፈረፋል። ኮዱ ለአምስት ደቂቃ ሲፈተሽ ያልፋል፤ እንግዳው ግማሽ ቀን ሲሠራ ግን ቆጣሪው ድንገት ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል። ይህን ለመከላከል ኪዩኢሙ ብዜቱን በ96 ቢት ስፋት አድርጎ ከዚያ የሚያካፍል የጋራ ተግባር አለው። የታይመር ኮድ የሚጽፍ ሰው የራሱን ብዜት ከመጻፍ ይልቅ ይህን እንዲጠቀም ይጠበቃል።

ሁለተኛው ማጠጋጋት ነው። የአርቲሲው አንድ ንዝረት 30,517.578125 ናኖሰከንድ ነው። ክፍልፋዩ ተቆርጦ 30,517 ቢባል ስህተቱ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ሲጠራቀም በቀን 1.6 ሰከንድ ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ኪዩኢሙ የገባው የመሣሪያ ሰዓቶች ማዕቀፍ የአንድን ሰዓት ዙር በሙሉ ናኖሰከንድ ሳይሆን በናኖሰከንድ ክፍልፋይ ይይዛል፤ አንዱ ናኖሰከንድ ለ2 በ32 ርቢ ተከፍሏል። በዚህ ማዕቀፍ አንድ ሰዓት ለሌላው ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ፍጥነቱን ሲለውጥ ከሱ የሚቀዱት ሁሉ ይነገራቸዋል። የዙሩ ርዝመት 0 ከሆነ ሰዓቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመነሻ ነጥብ ነው። ተደጋጋሚ ታይመር ተግባሩ በተጠራ ቁጥር የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይይዛል። ቀጠሮው «ከአሁን ጀምሮ 10 ሚሊሰከንድ» ተብሎ ከተያዘ እያንዳንዱ መዘግየት በሚቀጥለው ላይ ይደመራል። በየጊዜው 50 ማይክሮሰከንድ ብቻ ቢዘገይ እንኳ በሰከንድ 100 ጊዜ ሲደጋገም በሰዓት 18 ሰከንድ፣ በቀን ከ7 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ቀጣዩን ቀጠሮ ካለፈው ቀጠሮ ላይ መቁጠር ነው። ያኔ አንዱ ምት ቢዘገይም የሚቀጥለው በቦታው ይገኛል።

የጠፉ ምቶች

አንዳንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ጊዜን የሚያውቁት ኢንተራፕቶችን በመቁጠር ነው። አስተናጋጁ ሥራ በዝቶበት እንግዳው ለ50 ሚሊሰከንድ ተራ ባያገኝ፣ በሰከንድ 100 ኢንተራፕት የሚጠብቅ እንግዳ 5 ምት ሊያመልጠው ይችላል። ኢንተራፕት ደግሞ እንደ ደብዳቤ አይከማችም፤ የመጀመሪያው ሳይስተናገድ ሁለተኛው ቢመጣ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በዚህ ምክንያት የእንግዳው ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል።

መፍትሔው ያመለጡትን ቆጥሮ ቀስ እያሉ መመለስ ነው። በአርቲሲው ላይ ይህን የሚያደርግ ምርጫ ያለ ሲሆን በተለይ የዊንዶውስ እንግዶችን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሆኖም ምርጫው ለሁሉም አይበጅም። ሊኑክስ ሌላ ቆጣሪ አንብቦ ያመለጠውን ምት ራሱ ሊያስተካክል ይችላል፤ ለሱ የጠፉት ምቶች ተመልሰው ሲላኩ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ታርሞ ወደ ፊት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ የጠፋ ምት መመለሱ ወይም መጣሉ ለተጠቃሚው የተተወ ምርጫ ነው፤ ኮዱ ሁለቱንም መንገድ በትክክል መደገፍ አለበት። የኬቪኤም ማፋጠኛ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሊኑክስ እንግዶች ጊዜን ከአስተናጋጁ ጋር በጋራ ከሚያዩት የማስታወሻ ገጽ ስለሚያነቡ ኢንተራፕት መቁጠር አያስፈልጋቸውም።

ተቃራኒው ችግርም አለ። እንግዳው ታይመሩን እጅግ አጭር ዙር ቢሰጠው አስተናጋጁ ኢንተራፕት ከማመንጨት ሌላ ሥራ አይሠራም፤ እንግዳውም አንድ እርምጃ አይራመድም። ለዚህ ሲባል ፒታይመር በተደጋጋሚ ዙር ላይ ከ10 ማይክሮሰከንድ ያነሰውን ወደ 10 ማይክሮሰከንድ ከፍ ያደርገዋል። ከእውነተኛው ቺፕ መለየቱ ታውቆ የተደረገ ነው፤ ሥራ ላይ የሚውል ግምታዊ ሰዓት ማሽኑን ከሚያንቅ ትክክለኛ ሰዓት ይመረጣልና።

የቀን ሰዓትና የአካባቢ ሰዓት

በተጠቃሚዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው የሰዓት ችግር የኮድ ስህተት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። ኪዩኢሙ በነባሪ አርቲሲውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል። ሊኑክስ ይህን ይጠብቃል፤ ዊንዶውስ ግን በልማዱ አርቲሲው የአካባቢውን ሰዓት የያዘ ነው ብሎ ያስባል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ አዲስ አበባ ላይ የተነሳ የዊንዶውስ እንግዳ በኢንተርኔት ካልተስተካከለ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ይላል። ለዚህ ሲባል አርቲሲው በአካባቢ ሰዓት ወይም በተወሰነ ቀን እንዲጀምር የሚያደርግ ምርጫ አለ። አርቲሲው የአስተናጋጁን፣ የሪልታይሙን ወይም የቨርቹዋሉን ሰዓት እንዲከተልም መወሰን ይቻላል።

ማቆም፣ ማስቀመጥና ማዛወር

እንግዳ ማሽን ሲቀመጥ ወይም ሲዛወር እያንዳንዱ መሣሪያ ሁኔታውን ይጽፋል፤ ታይመሮቹም የቀጠሮአቸውን ናኖሰከንድ ይጽፋሉ። ይህ የሚቻለው ቀጠሮው በቨርቹዋል ሰዓት ከተያዘ ነው። የቨርቹዋል ሰዓት ንባብም አብሮ ስለሚሄድ በመድረሻው አስተናጋጅ ላይ ካቆመበት ይቀጥላል። በሪልታይም ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ግን በመድረሻው ላይ ትርጉም የለውም፤ ያ ሰዓት በየአስተናጋጁ የተለያየ መነሻ አለውና።

ከዚህ የተነሳ የታይመር ኮድ የሚቀይር ሰው አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ትናንት በአሮጌ እትም የተቀመጠ ማሽን ነገ በአዲሱ እትም መነሳት አለበት። አንድ የተቀመጠ መስክ ስሙ፣ ስፋቱ ወይም ትርጉሙ ቢለወጥ የቆየው ማሽን ላይነሳ ይችላል። ኪዩኢሙ ለዚሁ ሲል የማሽን ዓይነቶችን በእትም ቁጥር ይለያል፤ የድሮው የማሽን ዓይነት የድሮውን ጠባይ እንደያዘ ይቀጥላል፣ ለውጡ የሚታየው በአዲሱ ላይ ብቻ ነው።

የትእዛዝ ቆጠራ

ኪዩኢሙ ያለ ሃርድዌር ማፋጠኛ ሲሠራ የእንግዳውን ትእዛዞች ወደ አስተናጋጁ ቋንቋ እየተረጎመ ያስኬዳል። በዚህ አሠራር «አይካውንት» የሚባል ስልት መጠቀም ይቻላል። በዚህ ስልት ቨርቹዋል ሰዓት የሚራመደው በአስተናጋጁ ሰዓት ሳይሆን እንግዳው በፈጸማቸው ትእዛዞች ብዛት ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከ1 ናኖሰከንድ ጀምሮ እጥፍ በእጥፍ በሚጨምር መለኪያ ይመዘናል፤ ለምሳሌ መለኪያው 7 ከሆነ አንድ ትእዛዝ 128 ናኖሰከንድ ነው።

ጥቅሙ ድግግሞሽ ነው። ጊዜ በትእዛዝ ብዛት ከተለካ ኢንተራፕቱ በሁለተኛው ሩጫም በዚያው ትእዛዝ ላይ ይደርሳል። አንድን ሩጫ መዝግቦ በኋላ እንደነበረ መድገም የሚቻለውም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። በሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ የሚታይ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ስህተት አንዴ ከተመዘገበ በፈለጉት ጊዜ ደግሞ ማየት ይቻላል። ይሁንና አንድ መሣሪያ ብቻ በተሳሳተ ሰዓት ቢመራ ሙሉው ድግግሞሽ ይፈርሳል።

ደህንነት

የታይመር ሬጅስተሮችን የሚሞላው እንግዳው ነው። እንግዳው ደግሞ የማይታመን ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። በይፋ የተመዘገቡ ሦስት ድክመቶች ይህን ያሳያሉ።

ሲቪኢ-2016-8667 የተባለው በሚፕስ ጃዝ ማሽን ላይ የተገኘ ነው። እንግዳው ለታይመሩ እጅግ ትልቅ ዙር ሲሰጥ በስሌቱ ውስጥ ለዜሮ ማካፈል ተፈጥሮ የኪዩኢሙ ፕሮግራም ይወድቅ ነበር። ሲቪኢ-2015-3214 በ8254 ኮድ ላይ የተገኘ ሲሆን፣ ለመጻፍ ብቻ የሆነውን ወደብ እንግዳው ሲያነብ ኮዱ ከሦስቱ ቻናሎች ውጪ ወዳለ ማስታወሻ ይሄድ ነበር። ሲቪኢ-2013-4527 ደግሞ የኤችፔት ነው፤ ከተዛወረ ማሽን የመጣው የታይመሮች ብዛት ሳይመረመር ተቀባይነት ያገኝ ስለነበር ከተመደበው ቦታ አልፎ መጻፍ ይቻል ነበር።

ሦስቱም የመጡት ከአንድ ዓይነት ግምት ነው፤ ቁጥሩ «ምክንያታዊ ይሆናል» ከሚል። ሦስቱንም ለማረም የተፈለገው በተገቢው ቦታ የሚቀመጥ ፍተሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የኤችፔት መሣሪያ ራስት በተባለው ቋንቋ በሙከራ ደረጃ እንደገና ተጽፏል፤ ይህ ቋንቋ ከተመደበ ቦታ ውጪ መጻፍን ይከላከላል። የተሳሳተ ሰዓት መምረጥን ግን ምንም ቋንቋ አይከላከልም።

ጥገናው እንዴት ይካሄዳል

በኪዩኢሙ ምንጭ ኮድ ውስጥ እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደሚከታተለው የሚዘረዝር ፋይል አለ። ፋይሉ የእያንዳንዱን ክፍል ደረጃም ይገልጻል፤ አንዳንዱ በቋሚነት ይጠበቃል፣ አንዳንዱ አልፎ አልፎ ብቻ ይታረማል፣ አንዳንዱም ጠባቂ የሌለው ወላጅ አልባ ነው። በጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠራባቸው ማሽኖች ታይመሮች ከመጨረሻዎቹ ጎራ የሚገኙበት ጊዜ አለ። አንድ የጋራ ተግባር ሲለወጥ ግን ለውጡን ያቀረበው ሰው እነዚያንም መነካካት ይኖርበታል፤ ማሽኑ በእጁ ላይኖር ይችላል።

ለዚህ ሥራ ትልቁ መሣሪያ አውቶማቲክ ፈተና ነው። በኪዩኢሙ የፈተና ስልት ቨርቹዋል ሰዓት በራሱ አይሄድም፤ ፈተናው «10 ሚሊሰከንድ ወደ ፊት ሂድ» ብሎ ሲያዝዘው ብቻ ይራመዳል። በዚህ መንገድ የአንድ ሙሉ ቀን ማንቂያ በቅጽበት ይፈተሻል፤ ውጤቱም አስተናጋጁ ሥራ ቢበዛበትም አይለዋወጥም። የፒታይመር ኮድ የራሱ ፈተናዎች አሉት። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ወዲያው ይመለሳል ወይስ አንድ ዙር ይጠብቃል፣ ዜሮ ቢሰጠው ኢንተራፕት ያመነጫል ወይስ አያመነጭም የሚሉት ጥያቄዎች በየቺፑ የተለያየ መልስ አላቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ጠባዩን በግልጽ እንዲመርጥ ተደርጓል።

የቆየ ምርጫን ለማስወገድም ሥርዓት አለ። ፕሮጀክቱ በዓመት ሦስት ያህል እትሞችን የሚያወጣ ሲሆን፣ ሊወገድ የታሰበ ነገር ቢያንስ ለሁለት እትሞች አስቀድሞ ይታወጃል። በሰዓት ኮድ ላይ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። የሰዓት ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ ወዲያው ላይወድቅ ይችላል፤ ስህተቱ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ሲዛወር ወይም አስተናጋጁ ሲጨናነቅ ይገለጣል። ያኔ ተጠቃሚው የሚያየው የተበላሸ ዳታቤዝ ወይም የተቋረጠ ግንኙነት እንጂ የታይመር ስህተት አይደለም። ስለሆነም በዚህ ክፍል ላይ የሚቀርብ ለውጥ ሲገመገም «ይሠራል ወይ?» ከሚለው ጋር «እንግዳው ቢቆምስ? ቢዛወርስ? ቢዘገይስ?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ።